ቴሌስኮፕ ገዝተው ምንም ላልታያቸው፦ ችግርና መፍትሄ

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ በሻንጣ የሚገባው ቴሌስኮፕ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የፊት ሌንሱ ስፋት 70 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ (ከፊት ሌንሱ ብርሃኑ እስከሚገናኝበት ነጥብ ያለው ርቀት) 700 ሚሊሜትር፤ ካርቶኑ ላይ ደግሞ በትልቁ «525 እጥፍ ያጎላል» ተብሏል። አንድ ሁለት ሌሊት ይሞከራል፤ ከዚያ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። ዕቃው ግን አልተበላሸም። አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው ያለው አይፒሱ ላይ ነው፤ ዓይናችንን የምናስጠጋባት ትንሿ ሌንስ ማለት ነው። የገጠማችሁን ምልክት ከታች ፈልጉ።

ምንም አይታይም፣ ጨለማ ብቻ

መጀመሪያ ክዳኑን እዩ። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። የብዙ ቴሌስኮፖች የፊት ክዳን መሃሉ ላይ ሌላ ትንሽ ክዳን አለው። ሰው ትንሿን ያነሳና የከፈተ ይመስለዋል። ሙሉውን አውጡት።

ክዳኑ ካልሆነ ማነጣጠሪያው ነው። ከጎን የምትታሰረው ትንሿ ማነጣጠሪያ ከዋናው ቱቦ ጋር ወደ አንድ ቦታ ካላየች ጨረቃን ማግኘት እንኳ ያታክታል። ይህን በሌሊት ለማስተካከል አትድከሙ። ቀን ላይ፣ ፀሐይ በሌለችበት አቅጣጫ፣ ራቅ ያለ አንቴና ወይም የፎቅ ጫፍ ምረጡ። በዋናው ቴሌስኮፕ መሃል ላይ አምጡት። ከዚያ ቱቦውን ሳታነቃንቁ የማነጣጠሪያዋን ብሎኖች እያዞራችሁ በውስጧ የሚታየውን የመስቀል ምልክት እዚያው አንቴና ላይ አሳርፉ። ለዚህ ሥራ የሚገባው 20 ወይም 25 ሚሊሜትር የሚል አይፒስ ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ማጉላቱ ይጨምራል፤ የሚታየው የሰማይ ቁራጭ ግን ይጠባል።

ኮከቡ ትልቅ የብርሃን ክብ ሆነብኝ

ፎከስ አልሆነም ማለት ነው። ኮከብ በጓሮ ቴሌስኮፕ ምንጊዜም ነጥብ ነው። ክቡ የሚቻለውን ያህል እስኪያንስ ድረስ ቁልፉን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። መሃሉ ላይ ጥቁር ቀዳዳ ካለ ቴሌስኮፓችሁ ባለ መስታወት ነው፤ ያ ጥቁር ነገር የትንሹ መስታወት ጥላ ስለሆነ አያሳስብም። ጥላው ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ግን መስታወቶቹ መስመር ስተዋል። ከቱቦው ኋላ ያሉትን ብሎኖች በጣም በጥቂቱ እያዞሩ፣ ኮከቡን እየደጋገሙ ወደ መሃል እየመለሱ ማስተካከል ይቻላል።

ይጎላል፣ ግን ጭጋግ ነው

ዋናው በሽታ ይሄ ነው። ለመረዳት አንድ ማካፈል ይበቃል። የቴሌስኮፑን የትኩረት ርዝመት ለአይፒሱ ቁጥር ስታካፍሉ የሚመጣው ማጉሊያው ነው። 700ን ለ25 ስናካፍል 28 እጥፍ። ለ10 ስናካፍል 70 እጥፍ። ለ4 ስናካፍል 175 እጥፍ። ታዲያ 525 ከየት መጣ? በካርቶኑ ውስጥ ባርሎው የምትባል፣ ማጉሊያውን በሦስት የምታባዛ ቱቦ አለች። 175 ሲባዛ በ3፣ 525። ሒሳቡ አልዋሸም፤ ሰማዩ ግን አይሰማውም።

አንድ ቴሌስኮፕ በደህና ሁኔታ ሊሸከም የሚችለው ማጉሊያ በግምት የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር እጥፍ ነው። ለ70 ሚሊሜትር ጣሪያው 140 ነው ማለት ነው፤ እሱም አየሩ በጣም ጸጥ ባለበት ሌሊት። ከዚያ በላይ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አዲስ ዝርዝር አይጨምርም። ብርሃኑም ይሳሳል። ከ28 ወደ 175 እጥፍ ስትሄዱ የፕላኔቷ ገጽ ወደ 40 ጊዜ ያህል ይደበዝዛል፤ ያችው ብርሃን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ስለተዘረጋች።

መፍትሄው ባርሎዋንና 4 ሚሊሜትሩን ሳጥን ውስጥ መመለስ ነው። ሁልጊዜ በትልቁ ቁጥር ጀምሩ፤ ያገኛችሁትን ነገር መሃል ላይ ካመጣችሁ በኋላ ብቻ ወደ 10 ውረዱ። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያገኘው ወደ 20 እጥፍ ገደማ በሚያጎላ ቴሌስኮፕ ነው። በ28 እጥፍ እናንተም ታዩዋቸዋላችሁ። በ70 እጥፍ ደግሞ የጁፒተር ሁለት ቡናማ ቀበቶዎችና የሳተርን ቀለበት ለይተው ይወጣሉ።

ገንዘብ የምታወጡ ከሆነም እዚህ ላይ አውጡ። ከካርቶኑ ጋር የሚመጡት አይፒሶች ጎናቸው ላይ ኤች ወይም ኤስ አር የሚል የላቲን ፊደል አላቸው። ሁለት ቁራጭ ሌንስ ብቻ ያለበት የድሮ ንድፍ ነው፤ የሚያሳየው ክብም ጠባብ ነው። ፕሎስል የሚባለው ባለ አራት ቁራጭ ነው፤ 50 ዲግሪ ገደማ የሚሰፋ፣ እስከ ጠርዙ ድረስም የተሻለ ጥራት ያለው ምስል ይሰጣል። ባለ 25 ሚሊሜትር አንድ፣ ባለ 10 ሚሊሜትር አንድ ይበቃሉ። ባለ 25ቱ በዚህ ቴሌስኮፕ ላይ ሦስት ጨረቃዎችን ጎን ለጎን የሚያስገባ ሰማይ ያሳያችኋል። አሥር አይፒስ የደረደረ ስብስብ ሲያዩ አትቅኑ፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠሩት ሁለቱ ናቸው።

ከማዘዛችሁ በፊት ግን የአይፒሱ መግቢያ ቀዳዳ ስፋት ይለካ። በብዛት 31.7 ሚሊሜትር ነው፤ በሻጮች አነጋገር ኢንች ከሩብ። በድሮ ርካሽ ቴሌስኮፖች ላይ 24.5 የሆነም አለ። ማስመሪያ ይዛችሁ ለኩ፤ ከአሜሪካ የመጣ አይፒስ አልገባም ብሎ ሲቀር መመለሻ የለውም።

ዓይኔን ካላጣበቅሁ አይታየኝም፣ መነጽርም አደርጋለሁ

ቁጥሩ ያነሰ አይፒስ ዓይንን በጣም ካላስጠጉት አያሳይም። ፕሎስል ላይ ርቀቱ ከቁጥሩ 70 በመቶ ገደማ ነው፤ ባለ 10ሩ 7 ሚሊሜትር ብቻ ይተውላችኋል። ሽፋሽፍት ሌንሱን ይነካል። መነጽር ለሚያደርግ ሰው ቢያንስ 15 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። ችግራችሁ የሩቅ ወይም የቅርብ እይታ ብቻ ከሆነ መነጽሩን አውልቁና በፎከስ ቁልፉ አስተካክሉ፤ ቴሌስኮፑ ያካክሰዋል። አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት ቅርጽ እኩል ክብ አለመሆን) ያለበት ሰው ግን፣ በተለይ ዝቅ ባለ ማጉሊያ፣ መነጽሩን ቢያደርግ ይሻለዋል፤ እሱ ረዘም ያለ የዓይን ርቀት አለው ተብሎ የተሠራ አይፒስ ይፈልግ።

ገና ሳየው ከፊቴ ያመልጣል፤ ስነካው ደግሞ ይንቀጠቀጣል

የምታመልጠው ፕላኔቷ አይደለችም፤ ምድር ናት የምትዞረው። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይንሸራተታል። በ175 እጥፍ የሚታየው ክብ በጣም ጠባብ ስለሆነ ፕላኔቷ ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር አንድ ደቂቃ አትሞላም። በ28 እጥፍ ብዙ ደቂቃ ትቆያለች። ይኸው፣ ባለ 25ቱ እዚህም ያድናል።

ለመንቀጥቀጡ የትራይፖዱን እግሮች አታስረዝሙ፤ በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ እዩ። በፌስታል ሁለት ሦስት ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ከእግሮቹ መሃል አንጠልጥሉ። ፎከስ ካደረጋችሁ በኋላም እጃችሁን አንሱና ትንሽ ጠብቁ።

ከባዱ ሚዛን የትራይፖዱን እግር ይመታል

ይህ እኛ አገር የሚብስ ነገር ነው፤ መመሪያው ውስጥም ብዙ ጊዜ አታገኙትም። ሚዛን (ቱቦውን በሌላ በኩል የሚያመዛዝን ክብደት) የተንጠለጠለበትና ኢኳቶሪያል የሚባለው መቆሚያ አንድ ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ ማየት አለበት። ለንደን ላይ ያ ኮከብ 51 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይገኛል። አዲስ አበባ ላይ 9 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ከእንጦጦ ግርጌ ላሉ ሰፈሮች ደግሞ ተራራው ራሱ ይጋርደዋል። ዘንጉ ተኝቶ ሊቀር ምንም አይቀረውም፤ ሚዛኑም ሲዞር ከእግሩ ጋር ይጋጫል። አንዳንዱ መቆሚያ ጭራሽ እስከዚያ ድረስ ዝቅ አይልም።

አንዱን እግር ወደ ደቡብ፣ ሁለቱን ወደ ሰሜን አድርጋችሁ አቁሙት፤ ሚዛኑ በሁለቱ መካከል ያልፋል። ገና ያልገዛችሁ ከሆነ ግን በእኔ እምነት ለጀማሪ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ብቻ የሚዞር መቆሚያ ይሻላል። መሬት ላይ የሚቀመጠው ዶብሶንያን ከሁሉም ይቀላል።

የኬክሮሳችን ሌላ ገጽታም አለ። ለንደን ላይ ጁፒተር በደቡባዊው የመንገዷ ጫፍ ላይ ስትሆን ከአድማስ 15 ዲግሪ ያህል ነው የምትነሳው። አዲስ አበባ ላይ በዚያው ጊዜ ከ57 ዲግሪ በላይ ትወጣለች። ወፍራሙን አየር ትታ ስለምትመጣ ምስሏ ይጠራል። ችግሩ፣ በሌላ ዓመት አናት ላይ ስትደርስ ቱቦው ከትራይፖዱ እግር ጋር ይጋጫል፣ አንገትም ይታጠፋል። ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ወይም ዘግይታችሁ እዩ፤ 30 ዲግሪ ገለል ትላለች።

ምስሉ እንደሚፈላ ውሃ ይንተከተካል

በመስኮት አትዩ። ቀን የጋለ የሲሚንቶ ሰገነት ማታም ሙቀት ይተፋል፤ ከሣር ወይም ከአፈር ላይ ይሻላል። ከጎረቤት ኩሽና ጭስ በላይ የምታልፍ ፕላኔትን ተዉአት። ቴሌስኮፑንም ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በፊት ውጭ አውጡት፤ ከውጭው አየር ጋር እስኪስማማ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ደመና ግን መፍትሄ የለኝም። ጥቅምትን ጠብቁ።

ጋላክሲው ግራጫ ነጠብጣብ ነው

ልክ ነው፣ እንደዚያ ነው የሚታየው። ቀለሙ የካሜራ ነው፤ ዓይን በጨለማ ቀለም አይለይም። አንድሮሜዳ የተባለውን ጋላክሲ ከከተማ መብራት ርቃችሁ በ25ቱ እዩት።

ካርቶኑ ውስጥ «ሰን» የተባለች ጥቁር መስታወት አለች

አይፒሱ ላይ የምትጠለቅ ከሆነች ሰብራችሁ ጣሉ፤ ለልጆች እንዳትደርስ። ቴሌስኮፑ የሰበሰበው የፀሐይ ሙቀት በሙሉ እሷ ላይ ያርፋል፤ በድንገት ስትሰነጠቅ ዓይናችሁ እዚያው ነው። ፀሐይን ለማየት ማጣሪያው የቱቦውን ፊት ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ ያልተቀደደና ያልተጫረ መሆን አለበት። ማነጣጠሪያዋንም ያን ጊዜ ከነክዳኗ ተዉአት፤ እሷም ታቃጥላለች።