አሮጌ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በዊንዶውስ ኤክስፒ ኮምፒውተር ላይ አልነሳ ሲል

በባሕር ዳር በየቤቱና በየፎቶ ቤቱ የሰርግና የጥምቀት ፎቶዎችን የያዙ አሮጌ ውጫዊ ሃርድ ዲስኮች ስላሉ፣ ዲስኩ ተሰክቶ ካልተነሳ ተበላሽቷል ብሎ ከመጣል በፊት የሚያገኘውን ኃይል መመርመር ይገባል። አንድ የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ እንዲሰጥ የሚጠበቀው እስከ 500 ሚሊአምፔር ሲሆን፣ ባለ 2.5 ኢንቹ ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ከዚህ በላይ ሊፈልግ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለት ራስ ያለው የዩኤስቢ ገመድ ተፈልጎ ሁለቱም ራሶች ያለ ማራዘሚያ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ይሰኩ። ይህም ተደርጎ ዲስኩ ቋ ቋ ማለቱን ካላቆመ ግን የውስጥ አካሉ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ደጋግሞ መሞከር የቀረውን ፋይል ሊያጠፋ ይችላልና ወዲያውኑ ይነቀል።

ዲስኩ በደንብ እየዞረ ፋይሎቹ ካልታዩ አንዱ ምክንያት የዲስኩ ቦታ የተከፋፈለበት መንገድ ወይም ፋይሎቹ የተደራጁበት ሥርዓት ሊሆን ይችላል። ባለ 32 ቢቱ ኤክስፒ ጂፒቲ በሚባለው አዲሱ የአከፋፈል ዘዴ የተከፈለን ዲስክ አያነብም፤ ዊንዶውስ 98 ደግሞ ኤንቲኤፍኤስ የሚባለውን የፋይል አደረጃጀት በራሱ አያውቅም። ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረግ (ዲስኩ ባዶ ሆኖ እንደ አዲስ ይዘጋጅ) ወይ ብሎ ቢጠይቅ በፍጹም እሺ አይባል፤ ፋይሎቹ መጀመሪያ በአዲስ ኮምፒውተር ይገልበጡ። በክረምት መብራት ቶሎ ቶሎ በሚቋረጥበት ሰዓት ደግሞ ግልበጣው መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል በሚሰጥ መሣሪያ (ዩፒኤስ) ወይም ባትሪው በሚሠራ ላፕቶፕ ይከናወን።