ኳሱ እንዳሰቡት ሳይሄድ ሲቀር፦ ለጎልፍ ጀማሪ ከጫማ የሚጀምር የችግርና መፍትሄ መመሪያ

ጎልፍን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ኳሱ አልሄድ ሲለው ብዙውን ጊዜ በእጁ ወይም በዱላው ያሳብባል፤ አሰልጣኝ አጠገቡ ከሌለ ደግሞ አያያዙን፣ አቋሙንና የአመታቱን ፍጥነት በአንድ ጊዜ ለውጦ የቱ እንደጠቀመውና የቱ እንደጎዳው ሳያውቅ ደክሞ ይመለሳል። የተሻለው መንገድ ፍተሻውን ከታች መጀመር ነው፤ በመጀመሪያ ጫማው መሬቱን ይዞ እንደሆነ፣ ቀጥሎ የሰውነት ክብደት በየትኛው እግር ላይ እንዳረፈ፣ በመጨረሻም ዱላው እንዴት እንደተያዘ ማየት ይገባል። አንድ ነገር ብቻ ይለውጡና ጥቂት ኳሶችን መትተው ውጤቱን ሳያዩ ወደሚቀጥለው አይለፉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በቀኝ እጁ ለሚመታ ተጫዋች የተጻፈ በመሆኑ ግራኝ የሆነ አንባቢ ቀኝና ግራን እየገለበጠ ያንብበው።

ምልክት፦ በምት ወቅት እግር ይንሸራተታል፣ ሚዛን ይጠፋል

ይህን ችግር ብዙ ጀማሪ አያስተውለውም፣ ምክንያቱም ዓይኑ ኳሱ ላይ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ከመቱ በኋላ ሳይንቀሳቀሱ ቆመው ሦስት ድረስ ይቁጠሩ። መቆም ካቃተዎ፣ ወይም ቀኝ እግርዎ ከነበረበት ተንሸራቶ ሳሩ ላይ ጭረት ጥሎ ከሆነ፣ ችግሩ ከእጅ በፊት ከእግር ነው።

መንስኤው ብዙ ጊዜ የሩጫ ጫማ ነው። የሩጫ ጫማ የተሠራው ወደ ፊት ለሚደረግ እንቅስቃሴ በመሆኑ ታኮው ወፍራምና ለስላሳ፣ ጎኑም በቀላሉ የሚተጣጠፍ ነው፤ በጎልፍ ምት ግን ኃይሉ ወደ ጎንና ወደ ዙሪያ ይሄዳል። ዱላው ወደ ኋላ ሲነሳ ክብደቱ ወደ ቀኝ እግር የውስጥ ጠርዝ ይሄድና ኳሱ ሲመታ ተመልሶ በግራ እግር ላይ፣ በተለይም በተረከዙና በውጪ ጠርዙ ላይ ያርፋል። በዚያች ቅጽበት የጫማው ጎን ከተለመጠ ወይም ሶሉ ከተጨመቀ ዱላው ኳሱን የሚያገኝበት ከፍታ ይለወጣል፤ እጅ ምንም ያህል ቢሰለጥን ይህን ማካካስ አይችልም።

ለመጀመሪያው ቀን አዲስ ጫማ መግዛት አያስፈልግም። ሶሉ ጠፍጣፋና ሸካራ፣ ጎኑም ጠንከር ያለ ማንኛውም ስኒከር ለልምምድ ሜዳ ይበቃል። በጨዋታው ለመቀጠል ከወሰኑ ግን፣ በእኔ እምነት፣ የመጀመሪያው ገንዘብ ኳሱን በጣም ለማራቅ ለሚያገለግለው ውድ ረጅም ዱላ (ድራይቨር) ሳይሆን ለጫማና ለጥቂት የስልጠና ሰዓታት መዋል አለበት።

የጎልፍ ጫማ በሁለት ዓይነት ይከፈላል። አንደኛው ከሥሩ እየተፈታ የሚለወጥ የፕላስቲክ ጥርስ ያለው ነው፤ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጥርሱ ብረት ነበር፣ ነገር ግን ብረቱ ሳሩን ስለሚጎዳ አብዛኞቹ ሜዳዎች ከለከሉትና ለስላሳው ፕላስቲክ ቦታውን ያዘ። ሁለተኛው የሚፈታ ጥርስ የሌለው፣ ሶሉ ራሱ በትንንሽ የጎማ ጉብታዎች የተሸፈነ ነው፤ ይህኛው በስፋት የታወቀው አሜሪካዊው ጎልፍ ተጫዋች ፍሬድ ካፕልስ በ2010 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ማስተርስ በሚባለው ታላቅ የጎልፍ ውድድር ላይ ስኒከር የሚመስል ጫማ አድርጎ ከተጫወተ በኋላ ነው። በደረቅና ሜዳማ ቦታ ጥርስ የሌለው ይበቃል፤ መኪና እየነዱ መጥተው በዚያው ጫማ ሊጫወቱ ይችላሉ። በጠል፣ በጭቃና በዳገት ላይ ግን ጥርስ ያለው ብልጫው ጎልቶ ይታያል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጫወት ሰው ጥርስ ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ በበጋ ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ቤት ያለውን የእግር ኳስ ታኬታ ለማድረግ የሚያስብ ሰው ቢኖር አይመከርም። የታኬታው ጥርስ ጠንካራና ረጅም ስለሆነ ቀዳዳው ያለበትን፣ ሳሩ እጅግ አጥሮ የተቆረጠውን ግሪን ይበሳዋል፤ ስለዚህ ሜዳው በር ላይ ሊመልሱዎት ይችላሉ።

ምልክት፦ ኳሱ ከመሬት ሳይነሳ ይንከባለላል

ዱላው የኳሱን አናት ወይም ወገቡን ብቻ ሲነካ የሚከሰት ነው። መንስኤው ኳሱን ወደ ላይ ለማንሳት መጓጓት ነው፤ ተጫዋቹ ኳሱን ከሥሩ ለመጫር ሲል ክብደቱን በቀኝ እግሩ ላይ ያስቀራል፣ ደረቱንም ቀና ያደርጋል፣ በዚህም ዱላው ከኳሱ በላይ ያልፋል። ኳሱን የሚያነሳው ግን የዱላው ፊት ዝንባሌ ነው። ለጀማሪ የሚመረጠው 7 ቁጥር አይረን (ጠፍጣፋ የብረት ፊት ያለው ዱላ) ፊቱ 30 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ በትክክል ወደ ታች ሲመታ ኳሱ በራሱ ይነሳል።

ለማረም ኳሱን ትተው ሳሩን ብቻ ይምቱ። እጅዎን እስከ ወገብ ብቻ አንስተው የዱላው ግርጌ በእያንዳንዱ ምት ሳሩን እንዲጠርግ ያድርጉ፤ የጠረጋው ድምፅ ሳይቆራረጥ መሰማት ሲጀምር ኳሱን ዝቅ ባለ ቲ (መሬት ላይ በሚተከል ትንሽ የኳስ ማስቀመጫ) ላይ አስቀምጠው ያንኑ ምት ይድገሙ። ምቱ ሲያበቃ የቀኝ ጫማዎ ተረከዝ ከመሬት ተነስቶ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ የቆመ መሆን አለበት። ተረከዙ መሬት ላይ ከቀረ ክብደቱ አልተሻገረም ማለት ነው።

ምልክት፦ ዱላው ከኳሱ በፊት መሬቱን ይመታል

ምት ሁሉ ምልክት ትቶ ስለሚያልፍ መሬቱን ማንበብ መልመድ ይጠቅማል። በአይረን በደንብ ሲመታ ሳሩ የሚገሸለጠው ኳሱ ከነበረበት ቦታ ጀምሮ ወደ ዒላማው አቅጣጫ ነው፤ ጉድጓዱ ኳሱ ከነበረበት በስተኋላ ከጀመረ ክብደቱ ዘግይቷል፣ ወይም ኳሱ ወደ ግራ እግር ከልክ በላይ ቀርቧል። ለ7 ቁጥር አይረን ኳሱ በሁለቱ እግሮች መካከል፣ ምናልባት ከመካከል በጣም ጥቂት ወደ ግራ፣ ሊቀመጥ ይገባል፤ ለድራይቨር ብቻ በግራ ተረከዝ ትይዩ ይሁን።

እዚህ ላይ የልምምድ ሜዳ ምንጣፍ ያታልላል። በሰው ሠራሽ ምንጣፍ ላይ ዱላው ከኳሱ በስተኋላ ቢያርፍ እንኳ ሳይቆፍር ተንሸራቶ ኳሱን ያገኘዋል፣ ኳሱም መልካም የተመታ መስሎ ይበራል፤ ያው ምት በተፈጥሮ ሳር ላይ ሲደገም ኳሱ ጥቂት ሜትር ሄዶ ይቆማል። ስለዚህ ሳር በሚገኝበት ቦታ በሳር ላይ ይለማመዱ፤ የገሸለጡትንም ሳር ወደ ቦታው መልሰው በእግርዎ ረገጥ ያድርጉት።

ምልክት፦ ኳሱ እየበረረ ወደ ቀኝ ይታጠፋል

ስላይስ የሚባለው ይህ ነው፤ ከጀማሪዎች ችግር ሁሉ በጣም የተለመደው ሳይሆን አይቀርም። መንስኤው ኳሱ በሚመታበት ቅጽበት የዱላው ፊት ከዱላው የጉዞ መስመር አንፃር ወደ ቀኝ የተከፈተ መሆኑ ነው። የሚያሳዝነው ጀማሪው በደመ ነፍስ የሚወስደው መፍትሄ ችግሩን ያባብሰዋል፤ ኳሱ ወደ ቀኝ ስለሄደ ሰውነቱን ወደ ግራ ያዞራል፣ ዱላውም ኳሱን ከውጪ ወደ ውስጥ እየቆረጠ ያልፋል፣ ኳሱ ይበልጥ ይታጠፋል።

በመጀመሪያ እግርን ይመርምሩ። አንድ ዱላ መሬት ላይ በጫማዎችዎ ጫፍ አስነክተው ያስተኙና ወደ ኋላ ተመልሰው ይመልከቱት፤ ዱላው ከዒላማው መስመር ጎን ለጎን መዘርጋት አለበት። ብዙ ሰው ዱላው የሚያመለክተውን አቅጣጫ ሲያይ ይደነግጣል። ቀጥሎ አያያዙን ይዩ፤ ዱላውን ይዘው ወደ ታች ሲመለከቱ የግራ እጅዎ ጣቶች መነሻ ላይ ካሉት አንጓዎች ሁለት ወይም ሦስቱ መታየት አለባቸው። አንድ ብቻ የሚታይ ከሆነ እጅዎን ጥቂት ወደ ቀኝ ያዙሩት። ጥብቅ አድርጎ መጨበጥም የእጅ አንጓን ስለሚያደነድን የዱላው ፊት በጊዜው እንዳይዘጋ ያደርገዋል።

ከፍታም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ኳሱ ርቆ ይሄዳል፣ የሚታጠፈውም በመጠኑ ያንሳል። እዚህ ተለማምዶ ዱባይ ሄዶ የሚጫወት ሰው ምቱ አጥሮና ስላይሱ ጎልቶ ቢያገኘው ችሎታው የቀነሰ አይምሰለው።

ምልክት፦ ኳሱ ድንገት በቀጥታ ወደ ቀኝ ጎን ይፈነጠራል

ኳሱ በዱላው ፊት ሳይሆን ዘንጉ ከፊቱ ጋር በሚጋጠምበት አንገት ላይ ተመቷል። መንስኤው ለኳሱ ከልክ በላይ ቀርቦ መቆም ወይም በምት ወቅት ክብደት ወደ እግር ጣቶች መውደቁ ነው፤ ታኮው ከፍ ያለ ጫማም ሰውነትን ወደ ፊት ስለሚገፋ ያግዘዋል። ክብደትዎ በጫማ ማሰሪያው ትይዩ ባለው የእግር ክፍል ላይ እንዲያርፍ አድርገው ግማሽ እርምጃ እንኳ ሳይሞላ ወደ ኋላ ፈቀቅ ይበሉ።

ምልክት፦ ግሪን ላይ ደርሶ ምቱ ይበዛል

መንስኤው አቅጣጫን ሳይሆን ርቀትን በትክክል አለመገመት ነው። ቀዳዳው 108 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ ኳሱ ግን 43 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ቦታው ይበቃል። ከሩቅ ሲመቱ ኳሱን ማስገባትን ሳይሆን ከቀዳዳው አንድ እርምጃ ርቀት ውስጥ ማሳረፍን ያስቡ። ግሪን ላይ እግርን እየጎተቱ መራመድም ሆነ በሌላው ተጫዋች ኳስና በቀዳዳው መካከል ባለው መስመር ላይ መርገጥ ነውር ነው።

ምልክት፦ እግር ውሃ ይቋጥራል፣ ካልሲ ይርሳል

የአንድ ሙሉ ጨዋታ 18 ቀዳዳዎችን በእግር መጨረስ ብዙ ጊዜ ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ መራመድን ስለሚጠይቅ ጀማሪ በ9 ቢጀምር ይሻላል። እግር ውሃ የሚቋጥረው ተረከዙ ጫማው ውስጥ ከፍ ዝቅ ሲል ወይም ጣቶች ከፊት ሲጋጩ ነው። ጫማ ሲገዙ እግር ጥቂት የሚያብጥበትን የማታ ሰዓት ይምረጡ፤ የሚጫወቱበትን ካልሲ አድርገው ይለኩት፣ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ መቅረቱን፣ ቁልቁለት እንደሚወርዱ ሆነው ሲረግጡም ተረከዝዎ አለመነሳቱን ያረጋግጡ። ከዚያም ጫማውን አውልቀው ጫፉንና ታኮውን ይዘው እንደ እርጥብ ልብስ ለመጠምዘዝ ይሞክሩ፤ በቀላሉ ከተጠመዘዘ ለምት አይሆንም።

የረጠበ ጫማ በከሰል አጠገብ ወይም በጠራራ ፀሐይ መድረቅ የለበትም፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማጣበቂያውም ይለቃል። ውስጡን በጋዜጣ ሞልተው፣ ጋዜጣው ሲረጥብ እየለወጡ በጥላ ያድርቁት። ጫማው የተገዛው ከሳልባጅ ከሆነ ደግሞ አዲስ ቢመስልም ሶሉን በጥፍርዎ ጫን ብለው ይፈትኑት፤ ለዓመታት ሳይደረግ የተቀመጠ የፖሊዩረቴን ሶል ከእርጥበት የተነሳ ከውስጥ ስለሚበላሽ እንደ ደረቀ ዳቦ ሊፈረፈር ይችላል፤ እንዲህ ዓይነቱ ጫማ በማጣበቂያ አይጠገንም።