የዩቲዩብ ዳቦ ደብረ ብርሃን ሲደርስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስልኩ ላይ የባዕድ አገር ዳቦ አይቶ ወደ ቡሃቃው የሚሮጥ ሰው በዝቷል። ይብዛ! ግን ዳቦውን የሚያበላሹበትን ነገሮች ልንገራችሁ።

አንደኛው ሰዓት ማመን ነው። «ለአንድ ሰዓት አቆዩት» የሚለው ሰውዬ ሞቃት ኩሽና ውስጥ ቆሞ ነው። ደብረ ብርሃን ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሊጥ ሙቀት ካገኘ ቶሎ ነው ኩፍ የሚለው፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ ደግሞ እርሾው ይተኛና ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋል። ሰዓቱን ተዉትና ሊጡን በጣት ጫን አድርጉት። ወዲያው ተስፈንጥሮ ከተመለሰ ገና ነው፣ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል፣ ጎድጉዶ ከቀረ አልፎበታል።

ከዚህ የባሰው «ኩፍ ካላለ ዳቦ አይደለም» ማለት ነው። የመንዝ ገብስ እርሾ ብትደፉበትም እንደ ስንዴ አይነሳም፤ አየሩን አፍኖ የሚይዝለት ግሉተን ደካማ ነውና። ቂጣ አድርጉት፣ ወይ ከስንዴ ጋር ደባልቁት። አርመኖች ላቫሽን ስስ አድርገው ዳምጠው የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ነው የሚለጥፉት፣ ዩኔስኮም በ2014 እ.ኤ.አ. መዝግቦላቸዋል። አየርላንዶች ደግሞ እርሾ የሌለበት ዳቦ አላቸው። አሬራና ቤኪንግ ሶዳ ሲገናኙ አረፋ ይፈጥራሉ፣ ሊጡን የሚያነሳው ያ አረፋ ነው። እዚያ ላይ ብዙ ማሸት አይቻልም (እስኪያልበን ለምናሸው ለእኛ ከባድ ነው)። ቶሎ ነካክቶ ቶሎ መጋገር ነው። አሬራ ያለው ቤት ይሞክረው።

ዳቦ ሁሉ የጾም ነው ብላችሁም አትሸወዱ። ባጌት ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ስለሆነ ረቡዕም ዓርብም ይሄዳል። ብሪዮሽ የሚሉት ግን ቅቤና እንቁላል የጠጣ ነው፣ ጿሚ እንግዳ ፊት እንዳታቀርቡት።

ወደ ድፏችን ስንመጣ፣ ኮባውን እንደመጣ ምጣድ ላይ የሚያነጥፍ አለ። መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ እሳት ላይ አሳልፉት፤ ቀለሙ ጠቆር ብሎ ሲለሰልስ አይሰነጠቅም። አለበለዚያ ሊጡ በስንጥቁ ሾልኮ ምጣዱ ላይ ያርራል። እሳቱንም ከሥር ብቻ አታንቦግቡጉት፤ «እንደ ዳቦ ከላይ እሳት ከታች እሳት» የተባለው ዝም ብሎ አይደለም። ለዚህ ደግሞ የኩበት ፍምን የሚያህል የለም፣ ቀስ ብሎ እኩል ያበስላል። ስታወጡት ጀርባውን በጣታችሁ አንኳኩት፤ እንደ ከበሮ ካልጮኸ መልሱት።