ካርዱን ከመግዛታችሁ በፊት ኬዙን ክፈቱ

የመጀመሪያ ግራፊክስ ካርዴን፣ የኮምፒውተሩን ምስል የሚሠራውን ዕቃ፣ ያስመጣሁት ከአዲስ አበባ ነው። ደሴ ያለ ሰው እንደሚያደርገው ወደዚህ ለሚመጣ ዘመድ ብሩን ልኬ፣ 400 ኪሎ ሜትሩን በአውቶቡስ አስጉዤ፣ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩት። ቤት ስገባ ቡና ተፈልቶ ነበር፤ አቦሉን እንኳ ሳልጨርስ ኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ፈትቼ ካርዱን ሰካሁት። ያኔ ነው ካርዱ ጫፍ ላይ ስድስት ቀዳዳ ያለው የኃይል መሰኪያ ያየሁት። የእኔ ፓወር ሰፕላይ፣ ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያድለው ሳጥን፣ እንዲህ ያለ ገመድ አልነበረውም። ካርዱ ሁለት ሳምንት ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ በመጣበት መንገድ ተመለሰ፣ ሻጩም ከዋጋው ቀንሶ ነው የተቀበለኝ። በሻጩ አልፈርድም። የካርዱን ስም ብቻ አይቼ የገዛሁት እኔ ነኝ።

ዛሬም የሚጠይቁኝ ሰዎች የሚጀምሩት ከዚያው ነው። «የቱ ካርድ ይሻላል?» ይላሉ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን ኮምፒውተሩ ነው፤ ስንት ዋት ይሰጣል፣ ምን ያህል ቦታ አለው፣ የየትኛው ዘመን ነው። ይህን ስታውቁ ምርጫው ራሱ ወደ ሦስትና አራት ካርድ ይወርዳል። አብሽሩ፣ ሥራው ከአቦል እስከ በረካ ያልቃል። የሚያስፈልገው ብሎን መፍቻ፣ ማስመሪያና ስልክ ብቻ ነው።

እዚህ እኛ ጋ፣ ደሴም ኮምቦልቻም፣ በብዛት የማየው ዴስክቶፕ ስላሽ ሆኖ (ውጭ አገር ተሠርቶበት) የመጣ የቢሮ ማሽን ነው፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ። ጠንካሮች ናቸው። ግን ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው እንጂ የሰርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ጌም ለሚጫወት ታስበው አልተሠሩም፣ ስለዚህ ፓወሩም ቦታውም በልክ ነው። የሞዴሉን ስም ኬዙ ላይ ካለው ስቲከር አንብቡ። ከተፋቀ ዊንዶውስ ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ብላችሁ ፈልጉና እዚያ የሚወጣውን ሞዴል፣ የፕሮሰሰሩን ስምና ባዮስ ሞድ የሚለውን መስመር በስልክ ፎቶ አንሱ። የመጨረሻው በኋላ ይፈለጋል።

የሞዴል ስም ብቻውን ግን አይበቃም። ኦፕቲፕሌክስ 9020 የሚባለውን ውሰዱ። ትልቁ ቆሞ የሚቀመጠው ባለ 290 ዋት ነው፣ ቀጭኑ ባለ 255፣ ከሁለቱም የሚያንሰው ደግሞ ባለ 200 ዋት ሆኖ ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት ስሎት ጭራሽ የለውም። ስማቸው አንድ ነው፣ ሦስቱም 9020 ናቸው። «የ9020 ካርድ ላክልኝ» ብሎ መደወል ታዲያ ምን ዋጋ አለው?

አሁን ኤሌክትሪኩን ከግድግዳው ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ አንዴ ተጫኑ የቀረው ኃይል እንዲወጣ፣ ከዚያ ኬዙን ክፈቱ። ሰውነታችሁ ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ እጃችሁን የኬዙን ብረት አስነኩ። ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ ባትሠሩ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ፓወር ሰፕላዩን እዩ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ እኔም የወደቅኩት እዚህ ነው። ጎኑ ላይ የተለጠፈ ሰንጠረዥ አለ። በትልቁ የተጻፈውን ዋት አትመኑት፣ በተለይ ስሙን ሰምታችሁት በማታውቁት ርካሽ ፓወር ላይ። ባለ 12 ቮልት የሚለውን ረድፍ ፈልጉና ከሥሩ ያለውን አምፔር በ12 አባዙት። 18 አምፔር ካለ 216 ዋት ነው። ለፕሮሰሰሩና ለካርዱ የሚሆነው ኃይል ይህ ነው፤ «500 ዋት» ተብሎ ተለጥፎበት በ12 ቮልት በኩል የዚያን ግማሽ እንኳ የማይሰጥ ፓወር አለ።

ከዚያ ደምሩ። ኮር አይ5 4570 ፕሮሰሰር 84 ዋት ነው። ካርዱ 75 ዋት ቢሆን 159 ደረሰ። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ ዲስኩና ማቀዝቀዣው 40 ወይም 50 ይወስዳሉ ብላችሁ ያዙ። 255 ዋቱ ቀጭን ማሽን ይችለዋል ማለት ነው፣ ግን ከዚያ በላይ አትጎትቱት። 75 የሚለውን ቁጥር በዘፈቀደ አላመጣሁትም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ረጅሙ ስሎት ለካርድ የሚሰጠው ትልቁ ኃይል 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ ገመድ ይጠይቃል፤ ስድስት ፒን ያለው ገመድ ሌላ 75 ይጨምራል፣ ስምንት ፒን ያለው 150። የቢሮ ማሽኖች አብዛኞቹ ይህ ገመድ የላቸውም።

«አስማሚ ገመድ አለ እኮ» የሚል ሰው አይጠፋም። አዎ አለ። የዲስክ ገመዱን ወደ ስድስት ፒን የሚቀይር ይሸጣል፣ ርካሽም ነው። ግን ጠፍጣፋው የዲስክ መሰኪያ፣ ሳታ የሚባለው፣ በ12 ቮልት እንዲሸከም የተሠራው 54 ዋት ነው፣ ስድስት ፒኑ ደግሞ 75 ሊስብ ይችላል። ከአቅሙ በላይ ሲጫን ይግላል፣ ፕላስቲኩ ሊቀልጥ ይችላል። አትግዙት። ፓወር ሰፕላዩን ልቀይረው ካላችሁም መጀመሪያ ማዘርቦርዱ ላይ የገባውን ትልቁን መሰኪያ ፒን ቁጠሩ። የተለመደው 24 ነው። 9020 ላይ ግን 8 ነው፣ የዴል የራሱ ነው፣ ከገበያ የተገዛ ፓወር ያለ ልዩ መቀየሪያ ገመድ አይገባበትም። ኦፕቲፕሌክስ 7010 ላይ 24 ነው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማንም ሻጭ አይነግራችሁም።

ቀጥሎ ማስመሪያው። ከኬዙ የኋላ ግድግዳ ተነስታችሁ እስከ መጀመሪያው እንቅፋት፣ ብዙ ጊዜ የዲስኩ ሳጥን ነው፣ ያለውን ርቀት ለኩ። ከዚያ የኋላውን የብረት ክፍተት ቁመት እዩ። 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ ይገባል፤ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ሎው ፕሮፋይል የሚባለው አጭሩ ካርድ ብቻ ነው የሚገባው፣ የኋላ ብረቱም አጭሩ መሆን አለበት። ካርዱ አጭር ሆኖ ብረቱ ረጅም ሆኖ የመጣበት ሰው አውቃለሁ፣ ብረቱን ጭራሽ አውጥቶ ካርዱን እንዲሁ አንጠልጥሎ ነው የሚሠራበት፤ ኮምፒውተሩን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ምስሉ ይጠፋል። ውፍረቱንም አትርሱ። አንዳንድ ካርድ የሁለት ስሎት ቦታ ይበላል፣ በአንዳንድ ቀጭን ኬዝ ደግሞ ከረጅሙ ስሎት አጠገብ ያለው ፓወር ሰፕላዩ ነው።

ስሎቱ ራሱ እንደሚፈራው አያስቸግርም። ዓይነቱ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይባላል፣ አዲሱና አሮጌው እርስ በርሱ ይስማማል፣ አዲስ ካርድ አሮጌ ስሎት ላይ ይሠራል፣ ፍጥነቱ ግን በዝቅተኛው ነው። ችግር የሚመጣው ካርዱ ራሱ በጥቂት የዳታ መስመር ሲሠራ ነው። አርኤክስ 6400 የሚባለው 53 ዋት ብቻ የሚበላ ነው፣ ለቀጭን ኬዝ የተሠራ ይመስላል፣ ግን የሚጠቀመው አራት መስመር ነው፤ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ሲገባ ጎሮሮው ይጠብባል።

ሞኒተራችሁስ? ሰማያዊ መሰኪያ ያለው፣ በሁለት ብሎን የሚታሰረው የድሮ ቪጂኤ ገመድ ከሆነ አዲሶቹ ካርዶች ላይ መግቢያ የለውም። ዲቪአይ የሚባል መሰኪያ ካለው ካርድ ላይ በትንሿ መቀየሪያ እሰካለሁ ብትሉም ከጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወዲህ ያለው ዲቪአይ ዲጂታል ብቻ ስለሆነ አይሠራም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር፣ ውስጡ ቺፕ ያለበት መቀየሪያ ግዙ። በካርዱ ዋጋ ላይ ደምሩት።

ባዮስ ሞድ የሚለውን ፎቶ አሁን አውጡ። ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ ዘዴ) ካለ ብዙ አትጨነቁ። ሌጋሲ (የድሮውን ዘዴ) ብቻ የሚያውቅ፣ ኮር ቱ ዱዎ የሚባለው የድሮ ፕሮሰሰር ዘመን ማሽን ከሆነ ግን አዲስ ካርድ ተሰክቶ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ለእንዲህ ያለው እንደ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ያለ የቆየ ካርድ ይሻለዋል። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን ኮር ቱ ዱዎ ላይ ለካርድ ብር አላወጣም። የኢንቴል አርክ ካርዶችንም ለአሮጌ ማሽን አትመልከቷቸው፣ አዲሶቹ ማዘርቦርዶች ላይ ብቻ ያለ ሪሳይዘብል ባር የሚባል ነገር ከሌለ ይደክማሉ።

ታዲያ ምን ይገዛ? ገመድ ለሌለው የቢሮ ማሽን እኔ የማየው ጥቂቱን ነው። ጂቲ 1030 በ30 ዋት ይሠራል፣ ስሎት ባለበት ከሞላ ጎደል ሁሉም ቦታ ይገባል፤ ግን ሜሞሪው ዲዲአር4 የሆነው ዓይነት ከጂዲዲአር5ቱ በጣም ደካማ ነው፣ ስማቸው አንድ ስለሆነ ካርቶኑን አንብቡ። የሰርግ ቪዲዮ የምትሠሩ ሰዎች እዚህ ጋ ቆም በሉ። 1030 እና አርኤክስ 6400 ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲደረግ የሚያግዘው ክፍል የላቸውም። አሁን ፕሮሰሰራችሁ ውስጥ ያለው የኢንቴል ግራፊክስ ግን አለው። ለጥር ሰርግ ሥራ ይፈጥንልኛል ብሎ 1030 ገዝቶ ኤክስፖርቱ እንደነበረ የቆየበት ሰው ካርዱን ሲረግም ሰምቻለሁ፤ ካርዱ ምን ያድርግ። ለእናንተ 1050 ቲአይ ወይም ጂቲኤክስ 1650 ነው፣ ሁለቱም በ75 ዋት ክልል ናቸው። ሁለቱም ላይ ግን ስድስት ፒን የጨመሩ አምራቾች ስላሉ ፎቶውን ሳታዩ አትክፈሉ። ኪስ ካለ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው 70 ዋት ነው፣ ገመድ አይፈልግም። ባለ 8 ጊጋው ይፈልጋል፣ እንዳትሳሳቱ።

1050 ቲአይ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ካርድ ነው። የቺፑ አምራች ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ አዲስ የጌም ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) ማውጣቱን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አቁሟል፣ የደህንነት ማስተካከያ ግን እስከ 2028 አለ። ይሠራል፣ ዋጋው ላይ ግን ለመከራከር ጥሩ ምክንያት ነው።

ደግሞ የተለወጠ ካርድ አለ። የድሮ ደካማ ካርድ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ «1050 ቲአይ ነኝ» ይላል፣ ዊንዶውስም ያምነዋል። ጀርባው ላይ ሰማያዊው የቪጂኤ መሰኪያ ካለ እውነተኛ 1050 ቲአይ አይደለም። ጂፒዩ ዜድ የምትባለዋን ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱ፤ እንዲህ ያለውን ስታገኝ ከስሙ ፊት ሐሰተኛ የሚል ቃል ታወጣለች። ሻጩ ፕሮግራሟን ማስከፈት አልፈልግም ካለ ሰላምታ ሰጥታችሁ ውጡ።

ከሩቅ የምታስመጡ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ፎቶ ጠይቁ፦ የካርዱን የላይኛውን ጫፍ (የኃይል መሰኪያው እዚያ ነው)፣ የኋላ መሰኪያዎቹን፣ ከማስመሪያ ጋር የተነሳ ሙሉ ካርዱን። የእናንተን የፓወር ሰንጠረዥ ፎቶም ላኩለት።

ሲደርስ መግጠሙ ቀላል ነው። ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑት፣ የስሎቱ ጫፍ ቀጭ እስኪል፣ ከዚያ ብሎኑን እሰሩ። የሞኒተሩን ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቅላችሁ ካርዱ ላይ ሰኩ፤ ይህን ረስቶ «ካርዱ ሞቷል» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው በየወሩ አለ። ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ከባድ ሥራ አሠሩትና ሙቀቱን በጂፒዩ ዜድ ተከታተሉ። ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ብርድ ያግዛችኋል። ኮምቦልቻ ላላችሁ ግን የኬዙን አቧራ በደንብ አስወጡ፣ ከ85 ዲግሪ በላይ ከወጣ ጎኑን ከፍታችሁ ደግማችሁ ሞክሩ፤ ከፍታችሁት ሙቀቱ ከወረደ የጎደለው የአየር መውጫ ነው፣ ካርዱ ጤነኛ ነው።