ስፓኒሽና ስፒች በኮሚኒቲ ኮሌጅ፦ ድምፅ አውጥቶ ማጥናት

አገር ቤት የተማረ ሰው ጥናት ሲባል የሚታየው ደብተር ገልጦ፣ አስምሮ፣ ሸምድዶ ፈተና መግባት ነው። ይህ ዘዴ ለባዮሎጂ ያስኬዳል። ስፓኒሽና ስፒች (በሕዝብ ፊት የመናገር ኮርስ) ላይ ሲደርስ ግን ይከሽፋል፤ ሁለቱም የሚፈትኑት አፍን ነውና። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ብዙ ሐበሻ ተማሪ በእነዚህ ኮርሶች ነጥብ የሚጥለው ሰዓት አጥቶ ብቻ አይደለም፤ ያጠናው በዝምታ ስለሆነም ጭምር ነው።

ከመመዝገባችሁ በፊት

መጀመሪያ ከኮሚኒቲ ኮሌጁ በኋላ የምትዛወሩበትን ዩኒቨርሲቲ መስፈርት እዩ። የሁለት ዓመቱ ዲግሪ 60 ክሬዲት አካባቢ ነው፤ ያለ ጥቅም የተወሰደ ኮርስ ከእሱ ውስጥ ቦታ ይበላል። የውጭ ቋንቋ የሚጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎች ሌላ ቋንቋ አጥርቶ የሚያውቅን ተማሪ በፈተና ወይም በትምህርት ማስረጃ ነፃ የሚያደርጉበት አጋጣሚ አለ። ስለዚህ አድቫይዘሩን (የትምህርት አማካሪውን) «አማርኛዬ ይቆጠርልኛል ወይ?» ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ከተቆጠረ ስፓኒሽን ለመስፈርት ብላችሁ መውሰድ አይጠበቅባችሁም። በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት ወይም በግንባታ ሥራ ላይ ያላችሁ ከሆነ ግን ለእንጀራችሁ ስትሉ ውሰዱት።

የስፒች ኮርስ ስሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ሲኤስቲ 100 በሕዝብ ፊት መናገርን፣ ሲኤስቲ 110 ደግሞ ጠቅላላ የሰው ለሰው ግንኙነትን ያስተምራሉ። በካሊፎርኒያ ከ2025 መኸር ጀምሮ የሕዝብ ንግግር መግቢያው ኮም ሲ 1000 በሚል የጋራ ቁጥር ይጠራል። የትኛው እንደሚያዛውራችሁ ሳታረጋግጡ «ይሄኛው ይቀላል» ብሎ መምረጥ አያዋጣም።

ሰዓቱንም አስሉ። ለእያንዳንዱ ክሬዲት በሳምንት 1 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 2 ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጭ ይታሰባል። ባለ 4 ክሬዲት ስፓኒሽና ባለ 3 ክሬዲት ስፒች ሲደመሩ በሳምንት 21 ሰዓት ናቸው። 40 ሰዓት የምትሠሩ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ሴሚስተር አትደርቡ። ስፓኒሽን በ7 ወይም በ8 ሳምንት የሚያልቅ ኮርስ ላይ መውሰድም አይመከርም፤ አንዱ የግስ ጊዜ አእምሮ ውስጥ ሳይረጋ ሌላ የግስ ጊዜ ይመጣበታል። የመጀመሪያውን የስፓኒሽ ኮርስ፣ 101ን፣ በመኸር ወስዳችሁ ተከታዩን 102ን በጸደይ አስከትሉ። በመሃል አንድ ሴሚስተር ከዘለላችሁ 102 የሚጀምረው እናንተ የረሳችሁት ላይ ነው።

መጽሐፍ ስትገዙ ደግሞ ተጠንቀቁ። የቤት ሥራው ኢንተርኔት ላይ ከሆነ ያገለገለው ርካሽ መጽሐፍ የመግቢያ ኮዱን ላይዝ ይችላል፤ ኮዱን ለብቻው ስትገዙት ቁጠባው ይጠፋል። ለ101 እና ለ102 አንድ መጽሐፍ የሚያገለግል ከሆነ ረዘም ያለ ጊዜ የሚሠራውን ኮድ ግዙ።

ስፓኒሽን በአማርኛ በኩል

መማሪያ መጽሐፉ የተጻፈው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። እሱ የሚቸገርበትን ገጽ ሙሉ ያብራራል፤ እናንተ የምትቸገሩበትን በአንድ መስመር ያልፈዋል። ስለዚህ ድልድዩን ከአማርኛ ሥሩት።

ከድምፅ እንጀምር። ከሰባቱ የፊደል ቤቶች ግዕዝንና ሳድስን አውጡ፤ የቀሩት ካዕብ፣ ሳልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ አምስቱ የስፓኒሽ አናባቢዎች ናቸው። «ኝ» አለን፣ «ኸ»ም አለን፤ አሜሪካዊው «ማኛና» (ነገ) ለማለት ሲታገል እናንተ አልፋችሁታል። ነጠላውና ድርቡ «ር» ደግሞ የመላላትና የመጥበቅ ጉዳይ ነው። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜን፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓልን እንደሚያመለክት ሁሉ «ካሮ» ላልቶ «ውድ»፣ ጠብቆ «መኪና» ነው። የ«ብር»ን «ር» የምትሉበት ምላስ ለጠባቂው ይበቃል። የሚያስቸግረው ሳድሳችን ነው፦ «ትራባሆ» (ሥራ) ስንል በ«ት» እና በ«ራ» መካከል ትንሽ አናባቢ ጣልቃ እናስገባለን። ሁለቱን ተነባቢዎች አጣብቃችሁ በቀን አሥር ጊዜ ጮክ ብላችሁ በሉት።

እዚህ የስፓኒሹን ቃል በፊደል ጽፈነዋል፤ እናንተ ደብተራችሁ ላይ እንዲህ አታድርጉ። ፊደል ጭነቱ፣ ማለትም በቃሉ ውስጥ ጠንከር ተደርጎ የሚነገረው ክፍል፣ የት ላይ እንደሚያርፍ አያሳይም። «አብሎ» ጭነቱ መጀመሪያው ላይ ሲሆን «እናገራለሁ» ነው፤ መጨረሻው ላይ ሲሆን «ተናገረ» ይሆናል፤ በጽሑፍ የሚለየው አናቱ ላይ ያለችው ምልክት ናት። ስልካችሁና ኮምፒውተራችሁ ላይ የስፓኒሽ ኪቦርድ በመጀመሪያው ቀን ጫኑ። «አኞ» ማለትም ዓመት፣ በላዩ ያለችው ሞገድ ከቀረች የማይጠራ የአካል ክፍል ስም ይሆናል። ዕድሜያችሁን ስትጽፉ አስቡበት።

ሰዋስው ላይ አማርኛ ትልቅ ስንቅ ነው። ግሳችን ባለቤቱን በውስጡ ስለሚይዝ «እኔ እበላለሁ» ሳንል «እበላለሁ» እንላለን፤ ስፓኒሽም እንዲሁ ነው። «ዮ»ን (እኔ) በየዓረፍተ ነገሩ መደርደር ከእንግሊዝኛ የሚመጣ ልማድ ስለሆነ ተዉት። «ቱ» እና «ኡስቴድ» አንተና እርስዎ ናቸው። ለ«እርስዎ» እና ለ«እሳቸው» አንድ ዓይነት ግስ፣ «ይሠራሉ»፣ እንደምንጠቀም ሁሉ «ኡስቴድ»ም የሦስተኛ ሰው ግስ ይወስዳል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን ሳምንታት የሚያደናግራቸው «ሜ ጉስታ» ቁርጥ «ደስ ይለኛል» ነው፤ ነገሩ ሲበዛ «ደስ ይሉኛል» እንደምንል «ሜ ጉስታን» ይሆናል። «ሜ ዱኤሌ ላ ካቤሳ»ም «ራሴን ያመኛል» ነው። ሁለቱ ኃላፊ ጊዜያትም እጃችን ላይ አሉ፤ አንደኛው «በላሁ»፣ ሌላኛው «እበላ ነበር»።

አማርኛ የሚያሳስትበት ቦታም አለ። «ነኝ» የምንለው በስፓኒሽ «ሶይ» እና «ኤስቶይ» ተብሎ ይከፈላል። ቦታ ሲሆን «ያለሁት» ማለት ከቻላችሁ «ኤስቶይ» ነው፦ «ጎንደር ነው ያለሁት»። «የጎንደር ሰው ነኝ» ሲሆን «ሶይ» ይባላል። ይህ መለኪያ ለቦታ እንጂ ለሁኔታ አይሠራም፤ «ደህና ነኝ»፣ «ደክሞኛል» የሚሉትን እንደ «ኤስቶይ» ለብቻ ያዙ። «ቡና አለ?» ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ነው፤ «አይ» ይባላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ጾታ ነው። አማርኛ ለግዑዝ ነገር ለቀቅ ያለ ነው፤ የወደድነውን መኪና «መኪናዋ» ብንል ማንም አያርመንም። ስፓኒሽ አይለቅም። ስምን ያለ መስተአምሩ (ጾታውን ከሚያሳየው «ኤል» ወይም «ላ» ውጭ) በፍጹም አታጥኑ፦ «ማኖ» ብቻ ሳይሆን «ላ ማኖ»፣ «ፕሮብሌማ» ብቻ ሳይሆን «ኤል ፕሮብሌማ»። ቅጽሉም ከስሙ በኋላ ይመጣል፤ «ቀይ መኪና» ተገልብጦ «ካሮ ሮሆ» ነው።

እሑድ አምስት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ 25 ደቂቃ ይበልጣል፦ 10 ደቂቃ የመጽሐፉን ድምፅ እየሰሙ ተከትሎ መናገር፣ 10 ደቂቃ አንድ ግስ በስድስቱም መደብ በዓረፍተ ነገር ማስገባት፣ 5 ደቂቃ የራስን ድምፅ ቀርጾ መስማት። መኪና ውስጥ የምትውሉ ከሆነ የመጀመሪያውን እዚያ ጨርሱ። በዋሽንግተን ዙሪያ ብዙ የኤልሳልቫዶር ሰዎች ስላሉ የምትለማመዱበት አይጠፋም። እነሱ ግን በ«ቱ» ፈንታ «ቦስ» ይላሉ፣ ግሱም ይለወጣል። ስሙት፤ ፈተና ላይ ግን የተማራችሁትን ጻፉ።

ስፒች

አብዛኛው ክፍል ሦስት ወይም አራት ንግግር ይጠይቃል፦ አጭር ራስን ማስተዋወቅ፣ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ የሚሆን መረጃ ሰጪ፣ ከዚያም አሳማኝ። የአነጋገር ዘዬ ነጥብ አያስቀንስም። የሚያስቀንሰው ሐሳቡን መጨረሻ ላይ ማምጣት ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሱን ለመጨረሻ ያቆያል፤ ንግግራችንም ዙሪያውን ሄዶ ነው ወርቁ ላይ የሚደርሰው። የአሜሪካ መምህር ግን ወርቁን በመጀመሪያው ደቂቃ ይፈልጋል፦ ጆሮ የሚስብ መክፈቻ፣ ዋናው ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የሚነሱት ነጥቦች ዝርዝር፣ ከዚያ ወደ ነጥቦቹ።

ርእስ አጥብቡ። «የኢትዮጵያ ባህል» ለስድስት ደቂቃ አይሆንም። የቡና ሥነ ሥርዓትም በዚህ አካባቢ መምህራን ደጋግመው የሰሙት ነው። «ዓመታችን ለምን 13 ወር አለው?» ግን ልክ ነው፤ ሦስት ነጥብ ይወጣዋል፦ 12ቱ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን መሆናቸው፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን መሆኗ፣ ከአውሮፓው አቆጣጠር የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት መኖሩ።

በእንግሊዝኛ በደቂቃ ከ120 እስከ 150 ቃል ይነገራል። ዝቅተኛውን ያዙ፤ ለ6 ደቂቃ 700 ቃል ይበቃል። ሙሉ ጽሑፍ ይዛችሁ ከወጣችሁ ታነባላችሁ፣ ማንበብም ነጥብ ያስቀንሳል። ሸምድዳችሁ ከወጣችሁ አንድ ቃል ስትጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ቁልፍ ቃላትን ብቻ ሦስት ወይም አራት ትናንሽ ካርድ ላይ ጻፉ፤ መክፈቻውንና መዝጊያውን ብቻ በቃላችሁ ያዙ። በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ፣ ቆማችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ ተለማመዱ። በየልምምዱ ቃሉ ቢለያይ አይክፋችሁ፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ምንጭን በአፍ መጥቀስ ብዙ ሰው የሚረሳው ነጥብ ነው። ወረቀቱ ላይ መዘርዘር አይበቃም፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ባለሙያነት እንዳለው እየተናገራችሁ ጥቀሱ። የድረ ገጽ አድራሻ አታንብቡ። መረጃ ሰጪው ንግግር ውስጥ «አለብን» ወይም «ይገባናል» ካላችሁ ወደ አሳማኙ ተሻግራችኋል፤ ያን ለሚቀጥለው አቆዩት። ለአሳማኙ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው አለን ሞንሮ በ1930ዎቹ ያወጣው አምስት ደረጃ ይበጃል፦ ትኩረት መሳብ፣ ችግሩን ማሳየት፣ መፍትሔውን ማቅረብ፣ ቢሠራበት ምን እንደሚሆን በዓይነ ኅሊና ማሳየት፣ በመጨረሻም ድርጊት መጠየቅ። የመጨረሻው ላይ «እናስብበት» አይሠራም፤ «ዛሬ ከክፍል ስትወጡ የደም ግፊታችሁን ተለኩ» የሚል የተቆረጠ ነገር ይሁን።

ዓይን ላይ ዓይን ማድረግ ለእኛ ድፍረት ይመስላል፤ እዚህ ግን ያቀረቀረ ሰው ያልተዘጋጀ ተደርጎ ይታያል። ግራ፣ መሃልና ቀኝ ላይ ሦስት ሰው ምረጡና አንድ ሙሉ ሐሳብ ለአንዱ ተናገሩ። «ይቅርታ፣ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ማንም ያላየውን ስህተት አድማጮች እንዲፈልጉ ታደርጋላችሁ። ንግግሩን የሚሸከሙትን አሥር ቃላት ግን ከመዝገበ ቃላት ድምፅ ሰምታችሁ ጭነታቸውን አስተካክሉ።

ኮርሱ ኦንላይን ከሆነ መመሪያው ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ከፊታችሁ የሚቀመጡ አዋቂ አድማጮች፣ ከእግር እስከ ራስ የሚያሳይ ካሜራ፣ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ። ዘመድ ለመሰብሰብ ከአንድ ሳምንት በፊት ደውሉ፤ እናታችሁ እንግሊዝኛ ባትሰማም ትቆጠራለች፣ ልጆች ግን ላይቆጠሩ ይችላሉ። ቪዲዮው ለመጫን ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ በዋዜማው ጨርሱ። የማስረከቢያው 11:59 ፒኤም የሚለው ደግሞ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 5:59 ነው።