አድዌርን ከቤት ኮምፒውተር ስናጸዳ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ኮምፒውተር ሲያስቸግር የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው፦ ፎርማት፣ ማለትም ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን። ላፕቶፑ ዘገየ? ፎርማት። ማስታወቂያ በየደቂቃው ብቅ አለ? ፎርማት። ጎግል ላይ ስንፈልግ የማናውቀው ገጽ መጣ? አሁንም ፎርማት። ሠሪው አይፈረድበትም። ወረፋ አለበት፤ ፎርማት ደግሞ ብዙ ሳያስብ የሚጨርሰው ሥራ ነው። ለባለቤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትርፉ ድካም ነው።

አድዌር የሚባለው ማስታወቂያ እያሳየ ወይም ፍለጋችንን ወደ ራሱ ገጽ እየወሰደ ለፈጣሪው ገንዘብ የሚሰበስብ ፕሮግራም ነው። እንደ ሌላው ቫይረስ ፋይል ማጥፋት ወይም ኮምፒውተር መቆለፍ ሥራው አይደለም። ኮምፒውተሩ ከሞተበት እሱም ገቢው ይቆማል። የሚበላው ትዕግሥታችንንና ራማችንን ነው፤ ከዚያም በላይ በብር የገዛነውን ዳታ። ከቴሌም ይሁን ከሳፋሪኮም ፓኬጅ ገዝቶ፣ የስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ ላፕቶፕ ለሚጠቀም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የማያየው የቪዲዮ ማስታወቂያ ከጀርባ ሲጫወት ሒሳቡን የሚከፍለው እሱ ነው።

አንድ ነገር ይያዝልኝ። የቤት ኮምፒውተር ላይ የምናገኘው አድዌር አብዛኛው ሰብሮ አልገባም። እኛው ነን ያስገባነው። አንድ ቦታ ላይ "አሎው" ብለናል፣ ሌላ ቦታ ላይ ሳናነብ "ኔክስት" ብለናል። ስለዚህ ማጽዳት ማለት የሰጠነውን ፈቃድ እየፈለጉ መንጠቅ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ቀጥሎ ካሉት ስህተቶች አንዱ ላይ መውደቁ አይቀርም።

ሳያዩ ፎርማት ማድረግ

ከእሱው እንጀምር። "ፋይሌ ዲ ላይ ነው፣ አይነካም" ይባላል። ተደርጎ ካለቀ በኋላ የመመረቂያ ጽሑፉ ዴስክቶፕ ላይ እንደነበረ ትዝ ይላል። ዴስክቶፕ ደግሞ ያለው ሲ ላይ፣ ማለትም በሚደመሰሰው የዲስክ ክፍል ላይ ነው። አለቀ። ከዚያ በምትኩ የሚጫነው ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ በክራክ፣ ማለትም የፈቃድ ቁልፍን በሚሰብር ፕሮግራም የተከፈተ ነው፤ ስለ ክራክ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

የሚያስቀው ደግሞ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ፎርማት ሆኖ፣ ክሮም አዲስ ተጭኖ፣ ባለቤቱ በጂሜይሉ ሲገባ ያው ማስታወቂያ ተመልሶ ይመጣል። ተአምር አይደለም። ክሮም ኤክስቴንሽኖችን (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) ከአካውንቱ ጋር አያይዞ ያስቀምጣል፤ ሲንክ የሚባለው ማመሳሰያ ከበራ የቀድሞውን ሁሉ መልሶ ይጭናል። መጥፎውንም ጭምር። ስለዚህ ኤክስቴንሽኑን ከአካውንቱ ላይ ሳያነሱ ዲስክ ማጥፋት ምንም አይፈይድም። ቢሮ ያለው ኮምፒውተርም በዚያው ጂሜይል የሚሠራ ከሆነ እሱንም ማየት ያስፈልጋል።

ፎርማት ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ፋይሎቻችሁ ተቆልፈው ገንዘብ ከተጠየቃችሁ፣ ወይም ዲፌንደር የሚባለው የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ አልከፈትም ካለ፣ ወይም ሁሉን ሞክራችሁ ነገሩ እየተመለሰ ካስቸገረ። ያኔም ቢሆን ወደ ፍላሽ የሚገለበጠው ሰነድና ፎቶ ብቻ ነው። የድሮ ፕሮግራም መጫኛዎችን አብሮ መገልበጥ ችግሩን ሸክፎ መሄድ ነው።

ኖቲፊኬሽንን ቫይረስ ማለት

ይህ በጣም የተለመደው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ሹም አቦ አካባቢ ልብስ ስፌት ያላቸው አንዲት እትዬ ላፕቶፕ ይዘው መጡ። "ልጄ፣ ሃርድ ዲስኩ ይቀየር ብለውኛል፤ እስቲ አንተም እየው" አሉኝ። ከፈትኩት። ትንሽ ቆይቶ ከስክሪኑ ቀኝ ጥግ፣ ከታች፣ ሳጥን ብቅ አለ። ቀይ የማስጠንቀቂያ ምልክት፣ የታወቀ አንቲቫይረስ ዓርማ፣ "ኮምፒውተርዎ ተጠቅቷል፣ አሁኑኑ ያጽዱ" የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። አንዱን ሲዘጉት ሌላው ይተካል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን በደቃቅ ፊደል የአንድ ድረ ገጽ አድራሻና የክሮም ስም ተጽፎበታል። ይህቺ ደቃቅ ጽሑፍ ናት ዋናዋ። አንቲቫይረስ ቢሆን ኖሮ በክሮም በኩል ምን አመጣው?

የልጃቸው ሥራ ነበር። ፕሪሚየር ሊግ በነፃ የሚያሳይ ገጽ ሲፈልግ አንዱ "ሮቦት አለመሆንህን ለማረጋገጥ አሎው ተጫን" ብሎታል። ልጁ ጨዋታው እንዳያመልጠው ተጫነ። አሎው የሚለው ቁልፍ ግን ከሮቦት ጋር አይገናኝም። ለዚያ ገጽ ማስታወቂያ በፈለገ ሰዓት የመላክ ፈቃድ መስጠት ነው። ገጹ ቢዘጋም መላኩ አይቆምም።

ኮምፒውተሩ ውስጥ የተጫነ ነገር ስለሌለ አንቲቫይረስ ስካን ሲያደርግ ውሎ ቢያድር ላያገኝ ይችላል። ፎርማትም አያስፈልግም፤ ሃርድ ዲስክማ ጭራሽ። ክሮም ላይ ሦስቱን ነጥቦች፣ ከዚያ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ በመጨረሻ ኖቲፊኬሽንስ። እዚያ የተፈቀደላቸው ገጾች ይደረደራሉ። የማታውቁትን በሙሉ ሪሙቭ በሉት። ኤጅ በሚባለው የማይክሮሶፍት ብራውዘር ላይም ስሙ ትንሽ ይለያል እንጂ ነገሩ ያው ነው። እዚያው ገጽ ላይ ማንም ገጽ ኖቲፊኬሽን እንዳይጠይቅ መዝጋትም ይቻላል። ቤቱ ውስጥ ልጅ ካለ ዝጉት። ከዜና ገጽ የሚመጣ ኖቲፊኬሽን ቀርቶበት የተጎዳ ሰው አላየሁም።

እትዬ ላፕቶፑን ይዘው ሲሄዱ "በቃ? ይኸው ነው?" ብለው ነበር። ይኸው ነው።

ማስጠንቀቂያውን አምኖ መጫን

ከሳጥኑ የባሰው ስክሪኑን በሙሉ የሚሞላው ነው። ይጮኻል፣ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ "ኮምፒውተሩን እንዳትዘጉ፣ በዚህ ስልክ ደውሉ" ይላል። እውነተኛ የዊንዶውስ ማስጠንቀቂያ ስልክ ቁጥር የለውም። ማይክሮሶፍት ራሱ ይህን ተናግሯል። ስልክ ቁጥር ካያችሁ ውሸት ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ስካን ወይም ክሊን የሚለውን አትንኩ። የኤክስ ምልክቷንም ቢሆን አትመኗት፤ እሷም የገጹ ሥዕል ልትሆን ትችላለች። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ብራውዘሩን መርጣችሁ ኢንድ ታስክ። መልሳችሁ ስትከፍቱ "ሪስቶር ላድርግ?" ብሎ ከጠየቀ እምቢ በሉ፤ አለበለዚያ ያንኑ ገጽ ነው የሚያመጣላችሁ።

አንቲቫይረስ በአንቲቫይረስ ላይ መጫን

አንዱ ካላገኘው ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ካላገኘው ሦስተኛው። ሁለት ጠባቂዎች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ እያንዳንዱን ፋይል ሁለቱም ይፈትሻሉ፣ አልፎ አልፎም እርስ በርስ ይጠራጠራሉ። አራት ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ይህን አይችልም። ባለቤቱ ግን አሁንም አድዌሩ ያዘገየው ይመስለዋል።

ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ዲፌንደር አብሮ ይመጣል፣ ነፃ ነው፣ ለቤት ይበቃል። የማይበቃው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግደው ክፍል ሊጠፋ ይችላል። ይህ ማብሪያ በሴቲንግ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሆን መጀመሪያ ላይ ጠፍቶ ነበር የሚመጣው። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ አፕ ኤንድ ብራውዘር ኮንትሮል፣ ከዚያ ሬፒዩቴሽን ቤዝድ ፕሮቴክሽን የሚለው ውስጥ ገብታችሁ መብራቱን እዩ። አድዌር የሚያዘው እሱ ነው።

ተጨማሪ ካስፈለገ አድውክሊነር የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የማልዌርባይትስ ንብረት ነው። ነፃ ነው፣ መጫን አያስፈልገውም፤ ተከፍቶ ይፈትሻል፣ ያገኘውን ያሳያል፣ ያነሳል፣ በቃ። ጎግል ላይ "አድዌር ማጥፊያ" ብላችሁ ፈልጋችሁ የመጀመሪያውን ውጤት አትጫኑ እንጂ። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው፤ አድዌር ማጥፊያ መስሎ የሚመጣ አድዌርም አለ። ከራሱ ከማልዌርባይትስ ገጽ አውርዱት።

የሚታየውን ብቻ ማንሳት

ጣና ላይ እምቦጭ የሚባለው አረም ሲነቀል ላየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ከላይ ያለው ተለቅሞ ዳር ላይ ይከመራል፤ ዘሩ ግን ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ኤክስቴንሽኑን አጥፍቶ "ገላገልኩት" የሚል ሰውም በማግሥቱ መልሶ ያገኘዋል። ምክንያቱም ኤክስቴንሽኑን የሚተክለው ፕሮግራም አሁንም አለ።

ስለዚህ ከፕሮግራሞች ዝርዝር ጀምሩ። በተጫኑበት ቀን አሰልፏቸውና ችግሩ የጀመረበትን ሰሞን እዩ። የፒዲኤፍ መቀየሪያ፣ የኩፖን ነገር፣ "ፒሲ አፍጣኝ"፣ ስሙ ትርጉም የሌለው ፕሮግራም። እነሱ ከወጡ በኋላ ነው ወደ ኤክስቴንሽን የሚኬደው። ከዚያ ብራውዘሩን ሪሴት ማድረግ፣ ማለትም ወደ መጀመሪያ ቅንብሩ መመለስ።

ሦስት ቦታዎች ይረሳሉ። አንደኛው የክሮም ሾርትከት ነው። በቀኝ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ ስትሉ ታርጌት የሚል መስመር አለ፤ ከመጨረሻው ላይ የድረ ገጽ አድራሻ ተቀጥሎ ካያችሁ አጥፉት። ሁለተኛው ፕሮክሲ፣ ማለትም ኢንተርኔታችን በሌላ ኮምፒውተር በኩል እንዲያልፍ የሚያደርገው ቅንብር ነው። እናንተ ያላበራችሁት ፕሮክሲ በርቶ ከተገኘ ኢንተርኔታችሁ በሰው እጅ እያለፈ ነው። ሦስተኛው ታስክ ስኬጁለር፣ ማለትም ፕሮግራሞችን በተቀጠረላቸው ሰዓት የሚከፍተው የዊንዶውስ ክፍል ነው፤ ማንም ሳይነካው በየሰዓቱ የሚከፈት ገጽ ካለ መነሻው እዚያ ሊሆን ይችላል።

በክሮም ሦስት ነጥብ ሥር፣ ከታች፣ "በድርጅትዎ የሚተዳደር" የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍም አለ። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ምንም አይደለም። የግላችሁ ከሆነ ግን ድርጅቱ ማነው? አንዳንድ አንቲቫይረስ ይህን ያመጣል፤ ካልሆነ አንድ ፕሮግራም ኤክስቴንሽኑ እንዳይነሳ ቆልፎታል ማለት ነው። አድውክሊነር እዚህ ላይ ይረዳል።

አዲስ ዕቃ ንጹህ ነው ማለትም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ላይ ሌኖቮ በአንዳንድ ላፕቶፖቹ ሱፐርፊሽ የሚባል አድዌር ከፋብሪካ ጭኖ እንደሸጠ ተጋልጧል። ፕሮግራሙን ማጥፋት ብቻ አልበቃም ነበር፤ ዊንዶውስ ውስጥ የተከለውን ሰርተፍኬት (ድረ ገጾችን እንዲያምን የሚያደርገውን ማረጋገጫ) ለብቻው ማንሳት ያስፈልግ ነበር። ፋብሪካው እንዲህ ካደረገ፣ ባለቤቱ ስንት እጅ እንደተቀያየረ የማይታወቅ ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ መጀመሪያ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ክራኩ ሲያዝ መታዘዝ

ዋናው የሶፍትዌር ዋጋ ለእኛ ኪስ እንደማይመጥን አውቃለሁ፤ ስብከት አልሰብክም። ግን ክራኩን ስትከፍቱ የሚጠይቀውን ልብ በሉ። "አንቲቫይረሱን አጥፉ" ይላል። ወይም ፎልደሩን ከፍተሻ ውጪ ያደርገዋል። ሥራው ካለቀ በኋላ ያ ፎልደር እንደተፈቀደ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ እዚያ የሚቀመጠውን ማንም አያየውም። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ኤክስክሉዥንስ የሚለውን ዝርዝር ክፈቱ። ለቤት ኮምፒውተር ባዶ መሆን አለበት። ብዙዎቹ ላይ ሲ ድራይቭ በሙሉ ተጽፎ አይቻለሁ።

ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስ አለ፣ ነፃ ነው፣ አማርኛ ያለችግር ይጻፍበታል። ለፊልም ቪኤልሲ፣ ለዚፕ ሰቨን ዚፕ። ሁሉም ከራሳቸው ገጽ። "ፍላሽ ፕሌየር አፕዴት አድርጉ" የሚል ካገኛችሁ ደግሞ ዝጉት፤ ፍላሽ ፕሌየር እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ተቋርጧል፣ አፕዴት የለውም።

ዳታ ላለመጨረስ አፕዴት መዝጋት

ይገባኛል፤ አፕዴት ፓኬጅ ይጨርሳል። ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራትም ፋይል ሁሉ በፍላሽ ሲዞር ስንት ኮምፒውተር ሳይታደስ እንደቀረ አስቡት። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትሄዱ ክፈቱት። ቢያንስ ብራውዘሩንና ዲፌንደሩን አድሱ። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ግን ዋይፋይም አያድናችሁም፦ የማይክሮሶፍት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2020 ላይ ቆሟል፣ ክሮምም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ትቶታል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አልቋል።

አጽድቶ ፓስወርድ አለመቀየር

ካነሳችሁት ውስጥ "በሁሉም ገጽ ላይ ያለውን መረጃ ማንበብና መቀየር" የሚል ፈቃድ የነበረው ኤክስቴንሽን ካለ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ የማየት ዕድል ነበረው። የጂሜይሉን ፓስወርድ ቀይሩ፤ ቀጥሎ ፌስቡኩን፣ ከዚያ በብራውዘሩ ያስቀመጣችኋቸውን ሌሎች። ኮምፒውተሩ ከጸዳ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። በፊት ከሆነ አዲሱንም ያየዋል።