ጀማሪዎች በሞተር ወደ ሐረር ገጠር ሲወጡ፦ ማንም ሳይጠፋ እንዴት ይኬዳል?

ጥቅምት ገብቶ ጭቃው ሲደርቅ ሐረር ዙሪያ ያለው የገጠር መንገድ ለሞተር ይመቻል። ግራ ቀኙ ጫትና ማሽላ ነው፤ ወደ ታች የኤረር ሸለቆ ይታያል። ጀማሪ ግን ብዙ ጊዜ የሚወድቀው መንገዱ ከብዶት አይደለም። ከፊቱ ያለው እንዳያመልጠው ሲሯሯጥ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ለመድረስ የማይጣደፍበትን ጉዞ ማዘጋጀት አለባችሁ።

ከ6 እስከ 8 ሰው ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኮረሚ መንደር ሂዱ። ከሐረር ሩቅ አይደለም፣ የአርጎባዎቹን የድንጋይ ቤቶችም ታያላችሁ። ከድሬዳዋ የምትመጡ የደንገጎን ዳገት በሰልፍ አትውጡ። ጠመዝማዛ ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል፣ የጫት መኪና ደግሞ ይበራል። እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ወጥቶ ሐረር ላይ ይገናኝ።

125 ወይም 150 ሲሲ ሞተር በቂ ነው። ለጀማሪ ጥሩ ሞተር ሲወድቅ ብቻውን ሊያነሳው የሚችለው ነው። ሄልሜት፣ ጓንትና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ የግድ ነው። በሰንደል የመጣ ሰው ቅር ቢለውም ይመለስ። ነዳጅ ሙሉ፣ ውሃ በብዛት። የጎማውን ንፋስ ከወትሮው ትንሽ ብቻ ቀንሱ። በጣም ካጎደላችሁት ድንጋይ ሲመታው የውስጡ ጎማ በቸርኬው ተቆንጥጦ ይበሳል።

አሁን ዋናው ነገር፣ መገንጠያ። ከፊት መንገዱን የሚያውቅ መሪ ይሁን። ከኋላ ደግሞ በጣም ጎበዙ ነጂ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ መጨረሻ ይሁን። እሱ ማንንም አይቀድምም። መሪው መገንጠያ ላይ ሲታጠፍ ሁለተኛው ነጂ እዚያው ይቆማል። ከመታጠፊያው በፊት፣ ከሩቅ በሚታይ ቦታ፣ ከመንገዱ ወጣ ብሎ። የሞተሩን አፍንጫ መታጠፊያው ወዳለበት ያዞራል፣ በእጁም ያመለክታል። ሌሎቹ ያልፋሉ። ባለ ሰደርያው ሲደርስ ብቻ ተነስቶ ከእሱ ፊት ይገባል። በሚቀጥለው መገንጠያ ሦስተኛ የነበረው ሁለተኛ ሆኗልና ተራው የእሱ ነው።

ይህ ከገባችሁ አቧራው ራሱ ችግር አይሆንም። ከፊት ያለውን ባታዩትም መገንጠያው ላይ ሰው እንደሚጠብቃችሁ ታውቃላችሁ፤ አቧራው እስኪበተን ራቅ ብላችሁ ትነዳላችሁ። ከኋላ የአንዱ ጎማ ቢበሳ መሪው ቆሞ ይጠብቃል፣ ከቆየም በመጣበት ይመለሳል። በየመገንጠያው የቆሙት ሰዎች መንገዱን ያሳዩታል።

ሥርዓቱ የሚፈርሰው አንድ ሰው ሲሰለቸው ነው። አንድ ልጅ ቆሞ ሲጠብቅ ሁሉም ያለፈ መሰለውና ሄደ። ከኋላው የነበሩት ሁለቱ ቀጥ ብለው ወደ ኤረር ቁልቁለት ወረዱ። ኔትወርክ አልነበረም፤ የተገኙት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ሕጉን እያንዳንዱ በራሱ አፍ ይድገመው። «ገብቶኛል አቦ» አይበቃም።

አሸዋ ሲያጋጥም ሁለተኛ ማርሽ፣ ያልተቋረጠ ነዳጅ፣ ዓይን ወደ ሩቅ። መርገጫው ላይ ቁሙ፣ ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) በሁለቱ ጉልበታችሁ ያዙ፣ የሞተሩን እጀታ አታንቁት። የፊት ፍሬን በጠጠር ቁልቁለት ላይ በጣም በስሱ ነው የሚነካው። ጎማው ከተቆለፈ መውደቅ ነው።

የገበያ ቀን አትሂዱ። መንገዱ በአህያና በሸክም ይሞላል። ግመል ከመጣ ጥግ ይዛችሁ ሞተር አጥፉ። ሰው ስታገኙ ፍጥነት ቀንሳችሁ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» በሉ። እርከንና አውድማ ላይ ፈጽሞ አትንዱ፤ ሰው ዓመት ሙሉ የለፋበት ነው።

ከ10 ሰዓት በፊት ወደ ከተማ መመለስ ጀምሩ። አስፋልት ከመግባታችሁ በፊት ቆማችሁ ሰው ቁጠሩ። ከዚያ መጀመሪያ ያገኛችሁት ጎሚስታ ጋ ጎማውን አስሞሉ። ንፋስ በጎደለው ጎማ አስፋልት ላይ መፍጠን ከአሸዋው ይልቅ ያሰጋል።